ሰዓዳ አረንጓዴ የሆነችበት ቀን

ሰዓዳ ይመር የሞተችው ሰኔ 1 ቀን 2081 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ ነው። የፋብሪካው መዝገብ «ሠራተኛዋ ሕይወቷ ባለፈበት ሰዓት በሙሉ ሚዛን ላይ ነበረች» ይላል።

መዝገቡ አልዋሸም። የሚያበግነውም ይኸው አለመዋሸቱ ነው።

ፋብሪካው ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ስድስት ሺህ ሰው ሸሚዝ ይሰፋበታል፣ ይተኩስበታል፣ ያጥፍበታል። ጠዋት ጠዋት በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ጋሽ ዳምጤ የማንንም ፊት አያይም፤ የሚያየው የግራ እጅ አንጓ ነው። የልብ ምቱን እየለካ ቀለም የሚለውጠው አምባሩ አረንጓዴ የሆነ ያልፋል። ቢጫ የሆነ ዳር ቆሞ አራት ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል። ቀይ የሆነ ወደ ማረጋጊያ ክፍል ይላካል። በከተማዋ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹስ፣ ቤቱስ» መባባል ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። መልሱ አንጓ ላይ እያለ ምን ያስጠይቃል? አንጓ ለአንጓ ይተያያሉ፣ ይተላለፋሉ።

እያንዳንዱ ማረጋጊያ ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳው የሰማይ ቀለም ተቀብቷል። አንድ ወንበር አለ። ከጣሪያው የወንዝ ድምፅ ይፈስሳል፤ ቦርከና ውኃ በነበረው ዘመን የተቀዳ ነው። የገባው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጉልበቱ የት እንደሚባክን ያስተውላል፣ ይተነፍሳል፤ ሲረጋጋ አምባሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ በሩም በራሱ ይከፈታል። በሩ እጀታ የለውም። ከውስጥም፣ ከውጭም።

ይህን ክፍል ያሰቡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ እነሱን መጥላት ይበቃ ነበር። የተማሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ስለ ሠራተኛው ጤና ከልባቸው የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ሳይጠይቁ ቀሩ፦ ሰውዬው ቀይ የሆነው በምን ምክንያት ነው?

የካውያ ክፍሉ ሙቀት በግንቦትና በሰኔ ከአርባ አራት ዲግሪ ወርዶ አያውቅም። በወርኃዊው ስብሰባ ስለ ሙቀቱ ሊናገር የተነሣ ሁሉ ገና አፉን ሲከፍት አምባሩ ቢጫ ይሆናል። ቢጫ የሆነ ሰው አስቀድሞ ይተነፍሳል። ተንፍሶ እስኪጨርስ ስብሰባው ያልቃል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ከሠራተኛው የቀረበ ቅሬታ የለም» ተብሎ ይጻፋል። ይህም ውሸት አይደለም።

ትርንጎ አያሌው እና ሰዓዳ በዚህ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ቆመው ሸሚዝ ተኩሰዋል። ሰዓዳ ቀልደኛ ነበረች። «ይህች አምባር ከባሌ ትሻላለች» ትል ነበር፤ «እሷ ስናደድ ወዲያው ታውቃለች። እሱ ካገባኝ ጀምሮ እንደተናደድኩ ገና አልነቃም።»

ሰኔ 1 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሰዓዳ ካውያውን አቆመች።

«ትርንጎዬ፣ ደረቴን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ» አለች።

አምባሯ ቀይ ሆነ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ኪሩቤል ሳይቸኩል መጣ፤ በፋብሪካው መሮጥ አይፈቀድም፣ ሯጭ ሌላውን ያውካል።

«ጭንቀት ነው ሰዓዳ» አላት። «ግቢና ተረጋጊ።»

በሩ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ ተዘጋ። የትርንጎ ጠረጴዛ ከበሩ ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ከዚያ መንኳኳት ተሰማ። ትርንጎ ሄዳ ቀኝ መዳፏን በሩ ላይ አደረገች። ምቱ ከብረቱ አልፎ እጇን መታት።

«አቶ ኪሩቤል፣ እያንኳኳች ነው!»

«ሁሉም መጀመሪያ ያንኳኳል። ሰው ባነጋገራት ቁጥር ነው የምትዘገየው፣ አትረብሺያት።» አንጓዋን አየ። «አንቺም ቢጫ ነሽ። ተመለሺ።»

ከአርባ አንድ ደቂቃ በኋላ በሩ በራሱ ተከፈተ። ሰዓዳ ደፉ ላይ ተዘርግታ ነበር። አምባሯ አረንጓዴ ነበር። የተረጋጋ ልብና የቆመ ልብ ለአምባሩ አንድ ናቸው።

አቤቱታ የሚቀርበው ከተማው መሐል ባለው የአቤቱታ አዳራሽ ነው። ሕጉ አጭር ነው። ያየ ሰው በራሱ አፍ ይናገራል፤ ከወረቀት አያነብም፣ ወኪል አይልክም። ሲናገር አምባሩ ቀይ ከሆነ መስኮቱ ይዘጋል፤ ሚዛኑን የሳተ ሰው ቃል አይመዘገብም። በሠላሳ ቀን ውስጥ ያልተመዘገበ አቤቱታ ከነጭራሹ ይቀራል። የሞት አቤቱታ ከተመዘገበ ግን ለሞቱ ምክንያት ነው የተባለው ዕቃ ከነመሰሎቹ ሁሉ ምርመራው እስኪያልቅ በዕለቱ ተነቅሎ ይወጣል። በፋብሪካው እጀታ የሌለው በር ሠላሳ አንድ ነበር።

ሕጉን ደግማችሁ አንብቡት። የተቃጠለ ሰው ስለ እሳቱ መናገር የሚችለው ካላመመው ብቻ ነው። ያመመው ሁሉ ዝም ይላል፣ ያላመመው ሁሉ ይደመጣል፤ ከዚያ ቁጥሩ ተደምሮ «ሕዝቡ ደህና ነው» ይባላል። ይህን ፍትሕ ብለው የጠሩ ሰዎች ማታ ተኝተው ያድሩ ነበር፤ አምባራቸውም አረንጓዴ ነበር።

ትርንጎ በሃያ ሦስት ቀን ውስጥ ስምንት ጊዜ መስኮቱ ፊት ቆማለች። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። አራተኛው ቀን እስከ በሩ መዘጋት ደረሰች። አምስተኛው ቀን ማረጋጊያ ክኒን ውጣ ሄደች፤ አምባሯ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፣ እሷ ግን የሰዓዳ የአባት ስም ጠፋባት። በቀሩት ቀናት ሁሉ «ታንኳኳ ነበር» የምትለው ቦታ ላይ ስትደርስ መስኮቱ ይወርዳል። የፋብሪካው አረጋጊ፣ ለስላሳ እጅ ያላት ሴት፣ ጠርታ መከረቻት፦ «ጉልበትሽን እየበላው ነው። ልቀቂው፣ ይሂድ።»

«ወዴት ይሂድ?» አለች ትርንጎ።

አረጋጊዋ የትርንጎን አንጓ አየች። «ቢጫ ነሽ» አለቻት።

ከስምንተኛው መስኮት ስትመለስ ነው ያ ነገር ትዝ ያላት። በሰዓዳ ለቅሶ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ቢጫ እንዳይሆን እየታገለ ሲተነፍስ አንዲት አሮጊት ጥግ ተቀምጠው ነበር። አምባራቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አረንጓዴ ነበር። ፊታቸው ግን የተረጋጋ ሰው ፊት አልነበረም።

አሮጊቷ፣ እትዬ አንጓች፣ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ከእድሩ ዕቃ ቤት ጎን ባለች አንዲት ክፍል ሲሆን የዕቃ ቤቱ ቁልፍም በእሳቸው እጅ ነው። በወጣትነታቸው አልቃሽ ነበሩ፤ ሟችን በግጥም እያነሡ ለቅሶ ቤቱን የሚመሩ። ከድንኳኑ ሰው ሩቡ ቢጫ ከሆነ ድንኳኑ እንዲፈርስ ከታዘዘ ወዲህ ግን «ሚዛን አዋኪ» ተብለው ተመዝግበዋል። ለቅሶ ይደርሳሉ፤ አፋቸውን አይከፍቱም።

ትርንጎ ሳትቀመጥ ጠየቀቻቸው። «አረንጓዴ ነበሩ። ሰዓዳን አይወዷትም ነበር?»

«አንቺ! ምላስሽ ምላጭ ነው!» አሉ እትዬ አንጓች። «እኔ እኮ ነኝ በሕፃንነቷ ያዘልኳት።»

«ታዲያ እንዴት?»

«አልቃሽ ለቅሶ ቤት አታለቅስም። ካለቀሰች ድምጿ ይሰበራል፣ ግጥሙ ይጠፋታል፣ ሟች ሳይነገርለት ይቀበራል። እኔ የራሴን ለቅሶ የምጨርሰው ቤቴ ነው፤ አስቀድሜ፣ ቀን በቀን፣ በሬን ዘግቼ። ድንኳን የምገባው ጨርሼ ነው። ሰው ግን ድንጋይ ነች ይለኛል።» ሳቁ። «ተቀመጪ እንጂ፣ ምን እንደ ቆጣሪ አንባቢ በር ላይ ትቆሚያለሽ?»

ትርንጎ ተቀመጠች። የመጣችበትን ነገረቻቸው። እትዬ አንጓች ሳያቋርጡ ሰሙና አንድ ነገር ጠየቁ።

«የት ነው የያዘሽ?»

«ምኑ?»

«ነገሩ ነዋ! ሰው ሲጨነቅ አንድ ቦታ ይይዘዋል። አንዱን ጉሮሮው ላይ፣ አንዱን ሆዱ ላይ። አንቺን የት ነው?»

ትርንጎ አሰበች። ለሃያ ሦስት ቀን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠይቃት ቀለሟን ነበር። «ቀኝ መዳፌ» አለች። «ይነድዳል። ካውያው መስሎኝ ነበር።»

«እሰይ። አወቅሽው ማለት ነው።»

«እነሱም እኮ ጉልበታችሁን አስተውሉ ይሉናል።»

«ማስተዋሉማ ደግ ነው፣ ማን ጠላው? እነሱ አስተውዪና ጣዪው ነው የሚሉሽ። እኔ አስተውዪና ያዢው ነው የምልሽ። ሚዛን አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁለት ሳህን ነው ያለው። እነሱ አንዱን ሳህን ቆርጠው ጣሉና ይኸው ቀጥ አለ ይሉሻል።» ቁልፋቸውን ከመቀነታቸው ፈቱ። «እሑድ ከሰዓት ነዪ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቀይ ትሆኛለሽ፣ ልንገርሽ።»

ትርንጎ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቀይ የቆየ ሰው የሥራ ፈቃዱን ይነጠቃል። ዘጠኝ ዓመት የቆመችበት ጠረጴዛ ለሌላ ይሰጣል።

«ይውሰዱት» አለች።

እሑድ፣ ሰኔ 26 ቀን። ዕቃ ቤቱ በድንኳን ምሰሶና በተደራረበ አግዳሚ ወንበር ተሞልቷል። በሩ የቆርቆሮ ነው። እትዬ አንጓች ከውስጥ ገቡና ዘጉት።

«መዳፍሽን በሩ ላይ አድርጊ!» አሉ ከወዲያ።

ትርንጎ ቀኝ መዳፏን ቆርቆሮው ላይ አደረገች። አሮጊቷ አንኳኩ።

አምባሯ ወዲያው ቀላ። «ይተንፍሱ፣ ይረጋጉ» አለ ከአንጓዋ ቀጭን ድምፅ። እጇን አነሣች።

«መልሺው!»

መለሰችው። አሮጊቷ እንደገና አንኳኩ። ትርንጎ አለቀሰች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሆዷ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። እጇ እንደ ፍም ነደደ። የእትዬ አንጓች ምት ግን አልቆመም።

«የደበቅሽው ነገር አለ!» ብለው ጮኹ በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ አልቅሰሽ እጅሽ ካልቀዘቀዘ የደበቅሽው ነገር አለ። አቶ ኪሩቤል ተመለሺ አለሽ። ከዚያስ? አንቺ ምን አደረግሽ?»

ትርንጎ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደገፈች።

«ተነፈስኩ» አለች። «አራት ጊዜ ተነፈስኩ። አረንጓዴ ሆንኩ። እየሰማኋት ወደ ካውያዬ ተመለስኩ። አሥራ አንድ ሸሚዝ ተኮስኩ።»

 ከዚያ አሮጊቷ እንደገና አንኳኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ።

ትርንጎ በሩን ገፋችው። ተከፈተ።

እትዬ አንጓች እጃቸው አብጦ ቆመው ነበር። «ይኸው» አሉ። «አሁን ከፈትሽ። ለእሷ አይጠቅማትም። ለሠላሳ አንዱ በር ይጠቅማል።»

ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነገሯት፤ አሥራ አንዱን ሸሚዝም ጨምራ። ስድስት ጊዜ። አራተኛው ላይ እንባዋ አለቀ። ስድስተኛው ላይ መዳፏ ቀዘቀዘ። ያው ነገር ነው፣ ያው ክብደት ነው፤ አሁን ግን የት እንዳለ ታውቃለች። አምባሯ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀይ ነበር። የሥራ ፈቃዷ መሰረዙ ሰኞ ጠዋት ተነገራት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 1 ቀን፣ ሠላሳኛው ቀን። አዳራሹ ውስጥ ወደ ስልሳ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። መዝጋቢው ናታኒም የሚባል፣ ጸጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ ወጣት ሹም ነው። ስምንቱንም ጊዜ መስኮቱን ያወረደው እሱ ነበር፤ ሁልጊዜ ይቅርታ እየጠየቀ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ እባክዎ ዛሬ እንኳ ይተዉት» አላት። «ራስዎን ይጎዳሉ።»

«ክፈት» አለች።

መስኮቱ ወጣ። ትርንጎ ቀኝ መዳፏን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። ቀኑን ተናገረች። ሰዓቱን ተናገረች። ሰዓዳ ደረቷን ይዛ ያለችውን ተናገረች። በሩ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ መዘጋቱን ተናገረች። ድምጿ የለቅሶ ድምፅ አልነበረም፤ ዕቃ የሚያስረክብ ሰው ድምፅ ነበር።

«ታንኳኳ ነበር» አለች።

አምባሯ ቢጫ ሆነ። ናታኒም እጁን ወደ መዝጊያው አስጠጋ። ትርንጎ ዓይኗን አልጨፈነችም። ነገሩን መዳፏ ውስጥ ፈለገችው፣ አገኘችው፣ እዚያው ያዘችው። አምባሯ ወደ አረንጓዴ ተመለሰ።

«መጀመሪያ ሰባት ጊዜ አንኳኳች። አረፈችና አምስት ጊዜ። ከዚያ ሦስት። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ። ኃላፊው ቢጫ ነሽ፣ ተመለሺ አለኝ። እኔም አራት ጊዜ ተነፈስኩ። አረንጓዴ ሆንኩ። ጓደኛዬ እያንኳኳች ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሥራ አንድ ሸሚዝ ተኮስኩ። አሥራ ሁለተኛውን ስዘረጋ ማንኳኳቱ ቆመ። እኔም እፎይ፣ ተረጋጋች አልኩ።»

ከኋላዋ አንድ አምባር ጮኸ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። ከስልሳው ሰው መካከል ቢጫ ሲሆን ተንፍሶ ወደ ጠረጴዛው ያልተመለሰ ማን አለ? አንዲት ሴት ጮክ ብላ የአንድ ሰው ስም ጠራች። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ይተንፍሱ፣ ይረጋጉ» ይላሉ አምባሮቹ፣ ስልሳ ድምፅ በአንድ ላይ። የሚተነፍስ ግን አልነበረም።

ትርንጎ ዞራ አላየችም። «በሩ አራት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ በራሱ ተከፈተ» አለች። «ሰዓዳ ሞታ ነበር። አምባሯ አረንጓዴ ነበር። ቃሌ ይኸው ነው።»

አንጓዋ አረንጓዴ ነበር። የናታኒም ቀይ ነበር።

አንድ ነገር ሕጉን የጻፉት አላሰቡበትም። አቤቱታው በአረንጓዴ ተነግሮ ካለቀ በራሱ ይመዘገባል። ሊሰርዘው የሚችለው መዝጋቢው ብቻ ነው፤ ቀይ የሆነ ሹም ግን ውሳኔ አይሰጥም። ቀይ የሚሆን ሹም ይኖራል ብሎ ማን ጠረጠረ?

ናታኒም አንጓውን አየ። የተበጠረ ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ወርዷል።

«እናቴ እዚያ ፋብሪካ ናት» አለ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሌሊት ፈረቃ። ማጠፊያ ክፍል።»

«ማጠፊያ ክፍል አራት በር አለው» አለች ትርንጎ። «ቁጥሩን ስጠኝ።»

የመዝገቡን ቁጥር ጽፎ ሰጣት። 

ከአዳራሹ እንደወጣች ቁጣው መጣ። አልከለከለችውም። ሠላሳ ቀን ሙሉ የያዘችው፣ ተዋርዳ የተነፈሰችው፣ «ልቀቂው» የተባለችው ሁሉ ከመዳፏ እስከ ጆሮዋ ወጣ። አምባሯ ቀላ። የመንገድ ዳር ድምፅ ማጉያው ስሟን ጠርቶ ቅርብ ያለውን ማረጋጊያ ክፍል ጠቆማት። በፊቱ አለፈች። በጤነኛ ጉልበት፣ በጤነኛ እግር፣ ፋብሪካው ድረስ በእግሯ ሄደች። ሚዛን ማለት ይህም ነው፤ በሚያስቆጣ ነገር መቆጣት።

በር ላይ ጋሽ ዳምጤ ቆሟል። ፈቃድ ስለሌላት አያስገባትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። አጥሩን ይዛ ቆመች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት አናጢዎች በግቢው ብቅ አሉ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ እጀታ የሌለው የብረት በር ተሸክመው። ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ተመለሱ። ሁለተኛውን አመጡ። ሦስተኛውን።

ጋሽ ዳምጤ አንጓዋን አየ። ቀይ ነው።  ግቢውን አየ፣ በሮቹን አየ። ከዚያ ለአሥራ ምናምን ዓመት ያላደረገውን አደረገ፤ ቀና ብሎ ፊቷን አየ።

«ትርንጎ» አለ፣ ቃሉን እንደረሳ ሰው እየፈለገ። «እንዴት... እንዴት ነሽ?»

«ደህና አይደለሁም፣ ጋሽ ዳምጤ» አለች። «ቁጠርልኝ። ሠላሳ አንድ መሆን አለበት።»

ጋሽ ዳምጤ አጠገቧ መጥቶ አጥሩን ያዘ።

«አራት» አለ።